ግዝት ያሳረፈው ተረከዝ

አባቴ ከገብስ ክምር ላይ ወድቆ አውድማው ላይ በቀኝ ተረከዙ ያረፈው እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ቤት ሆኜ ሥራ በምጠብቅበት ዓመት፣ በታኅሣሥ ነው። ወጌሻው እብጠቱን ዳበስ አድርገው እጃቸውን ሰበሰቡ። «ይኼ የእኔ አይደለም፤ ውስጡ እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። ደብረ ታቦር ውሰዱት» አሉ።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አሳየኝ። ስብራቱ የተረከዙ አጥንት ከበላዩ ካለው አጥንት ጋር የሚገጥምበትን ገጽ ሰንጥቆታል። «እግር ወዲህና ወዲያ ዘንበል የሚለው በዚህ መጋጠሚያ ነው» አለኝ። አባቴ ማወቅ የፈለገው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ተዳፋቱን አርሳለሁ?» ከማሳችን አብዛኛው ዳገት ላይ ነው። ሐኪሙም «እንደ አያያዝዎ ነው» አለ።

እብጠቱ እስኪጎድል ጠብቀው ቀዶ ጥገና አደረጉለት፤ አጥንቱን በብረትና በብሎን አሰሩት።

«ብሎን? እንደ መኪና?» አለ አባቴ።

«አዎ አባባ። ግን ይቺ መኪና ሦስት ወር አትነዳም። አንዴ እንኳ እንዳይረግጡባት።»

ቤት ስንመለስ ጠያቂ ጎረፈ። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሲገባ ተቀምጦ መቀበል ነውር ነው። አባቴ ለእያንዳንዱ ሽማግሌ «ኖር!» እያለ ከመደቡ ይነሣል። እነሱም «በእግዜር! ኧረ ተቀመጥ!» ይላሉ፤ ግን ከተነሣ በኋላ ነው። ክራንቹ ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ ይቀራል። በሁለተኛው ቀን ፋሻው ላይ ደም አየሁ።

እኔ በሰው ፊት ድምፄ የማይወጣ ነኝ። ያን ቀን ግን የንስሐ አባታችን ወደ ግቢ ሲገቡ ሮጬ በሩ ላይ ቆምኩ። መስቀላቸውን እንኳ ሳልሳለም «አባ፣ አይግቡ» አልኩ።

«ከመቼ ወዲህ ነው ልጄ፣ ቄስ ከደጅ የሚመለሰው?»

«ይነሣልዎታል» አልኩና የፋሻውን ነገር ነገርኳቸው።

ጥቂት አሰቡ። ከዚያ እዚያው ደጅ ቆመው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «አንተ ሰውዬ! እስክትድን ድረስ ለእኔም ሆነ ለማንም ብትነሣ ገዝቼሃለሁ!»

ከውስጥ የአባቴ ድምፅ መጣ። «ጳጳስ ቢመጡስ?»

«ለጳጳሱ እኔ እመልሳለሁ!»

ወሬው በአንድ ቀን መንደሩን አዳረሰ። ከዚያ ወዲህ የሚገባው ሁሉ ገና ከበሩ «ተገዝተሃል፣ ንቅንቅ እንዳትል!» ይለዋል። አባቴም አንገቱን ደፍቶ «ምን ላድርግ፣ ግዝት ነው» ይላል።

እነዚያ ወራት ይናፍቁኛል። ከእርሻና ከገበያ መልስ ቁጭ ብሎ የማያውቅ ሰው ቀኑን ሙሉ አጠገቤ ነበር። እኔ ጥጥ ስፈለቅቅ እሱ በልጅነቱ ስለሞተች እኅቱ አጫወተኝ። እኅት እንደነበረችው አላውቅም ነበር።

ሦስት ወሩ አልቆ ሐኪሙ ሲፈቅድለት የንስሐ አባታችንም ግዝቱን ፈቱለት። ሚያዝያ ላይ አብረን ወደ ተዳፋቱ ወጣን። ሜዳውን ደህና ሄደ፤ ዳገቱ ላይ ግን እግሩ ዘንበል አልል አለው። ማሳውን እያየ ብዙ ቆመ። «ለዘብ ያለውን እኔ አርሳለሁ። ቀጥ ያለውን ጎረቤት ይረሰው፤ ምርቱን እኩል እንካፈላለን» አለ።

ስንወርድ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። ካደግሁ ወዲህ እንዲያ አድርጎ አያውቅም። ዞሬ ካየሁት እጁን ያነሣል ብዬ ፊቴን ሳላዞር፣ እርምጃዬን ከእርምጃው ጋር እያስተካከልኩ ወረድኩ።