ድንጋይ የተሸከሙት ሲኞራ

ሮም ውስጥ ከሠራሁባቸው ቤቶች ብዙ የቆየሁት እኚህ ሲኞራ ዘንድ ነው። ደራሲ ነበሩ። የሚጽፉት የሚያስፈራ ታሪክ ነው፤ አሮጌ ግንብ፣ ቁልፉ የጠፋ ክፍል፣ ከመቃብር ተነሥቶ ቤቱን የሚፈልግ ሙት። ገና በገባሁ ሰሞን «ጎቲክ ይሉታል» ብለው ነገሩኝ። ስሙ አላጽናናኝም። የመጽሐፎቹን ሽፋን አቧራ በጠረግሁ ቁጥር አማትብ ነበር።

እሳቸው ደግሞ ማማተቤን ወደዱት። ከምሳ በኋላ ወጥ ቤት ይመጡና እኔ አትክልት ስከትፍ የድሮ ጽሑፋቸውን ጮክ ብለው ያነባሉ። ቢላዋዬን ሳስቀምጥ ያቆማሉ።

«እዚህ ጋ ነው?»

«በስመ አብ! ይተዉኝ ሲኞራ።»

«አሎራ፣ እንግዲያው ጥሩ ጽፌያለሁ ማለት ነው። ያልፈራሽበትን እሰርዘዋለሁ።»

«እንዲያው ጸሎት ቢጽፉ ምናለ?»

«እኔስ ምን የጻፍኩ መሰለሽ? አንቺ ራስሽ ትጸልያለሽ፣ እኔ ደግሞ ሰው አስፈራርቼ አስጸልያለሁ።»

ሕይወታቸው ግን የሚያስቅ አልነበረም። በወጣትነታቸው አግብተው ሴት ልጅ ወለዱ። ከወሊድ በኋላ አእምሯቸው ታወከ። ባላቸው ወስዶ የአእምሮ ሕሙማን የሚዘጋባቸው ቤት አስገባቸው፤ ብዙ ዓመት ቆዩበት። ልጂቱን የባላቸው እናት አሳደገቻት። ሲወጡ ልጃቸው አላወቀቻቸውም።

ብቻቸውን ቤት ተከራይተው መጻፍ ጀመሩ። አሳታሚው የሴት ስም አይሸጥም ስላላቸው በወንድ ስም አወጡት። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ፣ ጋዜጣ ከሚሸጥበት ኪዮስክ የሚደረደር ርካሽ መጽሐፍ ነበር። ሰው ባቡር ላይ አንብቦት ወንበሩ ላይ ትቶት ይወርዳል። በዚያ ዘመን የወይን ጠጅ ያበዙ ነበር። እኔ ስደርስ ትተውታል።

ካረጁ በኋላ ሰው አስታወሳቸው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደጃቸውን እያንኳኩ መጡ። አንድ አሳታሚም ሁሉንም በአንድ ላይ፣ በገዛ ስምዎ ላውጣው አላቸው። ከታመሙ ወዲህ በሕግ ስለ እሳቸው ወረቀት የምትፈርመው ልጃቸው ነበረች። እሷ አልፈርምም አለች።

ምክንያቷን ነግራኛለች። በመጽሐፎቻቸው ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ የተዘጋ ክፍል አለ። ከውስጥ ሕፃን ታንኳኳለች፣ ከውጭ ያለች እናት አትከፍትላትም። በወንድ ስም ቢወጣም ማን እንደጻፈው ሰፈሩ ያውቅ ነበር። የትምህርት ቤት ልጆች «የተቆለፈባት» እያሉ ሲጠሯት አድጋለች።

«መጀመሪያ ጥላኝ ሄደች፤ ከዚያ ኪዮስክ ላይ ሸጠችኝ» አለችኝ አንድ ቀን። ዕድሜያችን ስለሚቀራረብ አንቺ እንባባላለን። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እኔ ዕረፍት ስወጣ እየመጣች ትጠብቃቸዋለች። ጋዜጣዋን ታነባለች እንጂ አታወራቸውም።

«መጽሐፉ ይቅር» አሉኝ ሲኞራ። «ከመሞቴ በፊት ይቅር ብትለኝ ነው የምፈልገው። ግን እንዴት ተብሎ ይጠየቃል? ሙት ማስነሣት ስችል ይህን አልቻልኩበትም።»

እኔም ከልቤ ጸለይኩላቸው፤ ውለታቸው አለብኝ። ልጄን ከአዲስ አበባ ለማምጣት ስንከራተት፣ ፔርሜሶ የሚሉትን የመኖሪያ ፈቃዴንና የቤቱን ወረቀት ይዘው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው የስደተኞች ቢሮ አብረውኝ ተሰለፉ። መስኮቱ ላይ ያለውን ሰው «ልጅ ያለ እናቷ ስታድግ ምን እንደምትሆን እኔን ጠይቀኝ!» ብለው ተቆጡት። ልጄ መጣች፤ እዚያው እሳቸው ቤት አብራኝ ኖረች። እግዚአብሔር ውለታቸውን ይክፈላቸው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከአገርሽ የሚያስፈራ ነገር አውሪኝ አሉኝ። እኔ የሙት ታሪክ አላውቅም፤ የአጎቴን ነገር ነገርኳቸው። አጎቴ በእርሻ ድንበር ተጣልቶ ወንድሙን በዱላ መትቶት ነበር። በመጀመሪያ ሽማግሌ ተላከ። ወንድምየው እሺ ካለ በኋላ አጎቴ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ፊቱ ቆመ። ወንድሙም «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ድንጋዩን በገዛ እጁ አወረደለት። ከዚያ ወዲያ ነገሩ አይነሣም።

«ባያወርድለትስ?»

«ተሸክሞ ይቆማላ።»

የሲኞራ ሻይ ሳይጠጡት ቀዘቀዘ። «እኔ ከጻፍኩት ሁሉ ይህ ያስፈራል» አሉ።

በዚያው ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት፣ ነጠላዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ልወጣ ስል ልጃቸው ደረሰች። ካፖርቷን እያወለቀች ሳለ ሲኞራ ከበረንዳው ገቡ። የአበባ ማሰሮ የሚያርፍበትን የእብነ በረድ ስባሪ በጫንቃቸው ተሸክመዋል። ከዘራቸውን አልያዙም። ልጃቸው ፊት ሲደርሱ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ።

ደነገጥኩ። ሽማግሌ እንደሚቀድም ነግሬያቸው ነበር፤ እሳቸው ማንንም አልላኩም። ልጂቱ ስለዚህ ነገር ሰምታ አታውቅም።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች። «አዲስ መጽሐፍ ነው? ዛሬስ ማንን ልትቀብሪ ነው?»

ሲኞራ ድንጋዩን አጥብቀው ያዙ።

ወደ እኔ ዞረች። «ምን አስተምረሻት ነው? ወድቃ ትሞታለች እኮ! ተቀበያት እንጂ!»

እጄን ዘርግቼ መለስኩት። «እኔ ላወርደው አልችልም» አልኳት። «በእኛ አገር የበደለ ሰው ምሕረት የሚለምነው እንዲህ ነው። የሚያወርደው የተበደለው ነው። እኔን አልበደሉኝም።»

«ማማ፣ አስቀምጪው።»

ሲኞራ በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚህ ጊዜ ድንጋዩ አጋደለ። ልጃቸው ካፖርቷ ከአንድ ክንዷ እንደተንጠለጠለ ዘላ በሁለት እጇ ያዘችው። አውርዳ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። ሲኞራ ቀና ብለው አዩዋት። «ግራዚዬ» ብለው አመሰገኑ። ሄደው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ልጃቸው ወጥ ቤት ድረስ ተከተለችኝ።

«ሲወርድ ምን ማለት ነው?»

«ይቅር ተብሏል፤ ከእንግዲህ አይነሣም ማለት ነው።»

«እኔ ይቅር አላልኳትም! እንዳትወድቅ ብዬ ነው ያወረድኩት!»

«በእኛም አገር ብዙው ሰው ለዚሁ ብሎ ነው የሚያወርደው» አልኳት።

ልትቆጣኝ አፏን ከፈተች፤ ሳቋ ቀደማት። ከሳቁ በኋላ ረጅም ጊዜ አለቀሰች። እኔም ዕረፍት መውጣቴን ትቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ጋዜጣ ይዛ አልመጣችም። ከመደርደሪያው አንድ መጽሐፍ አወረደች። ለካ አንዱንም አንብባ አታውቅም፤ የምታውቀው ልጆቹ የነገሯትን ብቻ ነበር። እናቷ አጠገብ ተቀምጣ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ሲኞራ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። «እዚህ ጋ ቸኩያለሁ» ይላሉ። «ያንን ቃል መሰረዝ ነበረብኝ» ይላሉ። እኔ መውጫዬ ደርሶ ሳለ ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልኩ ቆሜ ቀረሁ።

ሕፃኗ ከምታንኳኳበት ቦታ ስትደርስ አቆመች።

«ይህቺ እኔ ነኝ?»

«አንቺ?» አሉ ሲኞራ። ጥያቄው ገረማቸው። «አይደለሽም። እኔ ነኝ። የተዘጋብኝ እኔ ነበርኩ። አንቺማ ውጭ ነበርሽ።»

«የማትከፍተዋስ እናት?»

«የራሴ እናት። የት እንዳለሁ ታውቅ ነበር፤ አንድም ቀን አልመጣችም።»

 ልጃቸው ያቆመችበትን መስመር በጣቷ ፈልጋ ንባቧን ቀጠለች።

ሲኞራ በዓመቱ፣ ከፋሲካ በኋላ አረፉ። ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ነበር። ወረቀቱን የፈረመችው ቀደም ብላ፣ በዓይናቸው እያዩ ነው። መጽሐፉ ሲመረቅ እኔንም ጠርታኝ ከኋላ ተቀመጥኩ። አንድ መምህር ስለ ተቆለፈባት ሕፃን ረጅም ንግግር አደረገ። የደራሲዋ ልጅ መሆኗ አያጠራጥርም አለ።

ልጃቸው ከፊት ወንበር ተነሣች።

«ይቅርታ ፕሮፌሶሬ» አለች። «እኔም እንደ እርስዎ ይመስለኝ ነበር። እዚያ ውስጥ ያለችው እናቴ ናት። እኔ ከውጭ ነበርኩ፤ ማንኳኳቷን የሰማሁት ዘግይቼ ነው።»

ተመልሳ ተቀመጠች። እኔም ተመስገን አልኩ።