ስድስት ጆንያ ለሰባት ድርሻ

ሁለተኛ ዓመት ላይ ለመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ከአዲስ አበባ ወደ ከሚሴ ስመጣ፣ ሒሳብን ትቼ ጂኦግራፊ ልማር ወስኜ ነበር። ስመለስ ማመልከት ብቻ ነው የቀረኝ። ለእናቴ ግን አልነገርኳትም።

ከሚሴ ስማር ሒሳብ ማለት መልስ ማውጣት ነበር። አወጣለሁ፣ አስተማሪው ራይት ያደርግልኛል፣ አለቀ። ዩኒቨርሲቲ ግን መልስ የሚባል ነገር የለም። መምህሩ ሰሌዳው ፊት ቆመው፣ «የፈለጋችሁትን ያህል ትንሽ ቁጥር ስጡኝ፤ እኔ ደግሞ ሌላ ትንሽ ቁጥር እሰጣችኋለሁ» ይላሉ። አንድ ቀን እጄን አውጥቼ «ለምንድን ነው የምንሰጥዎት?» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ እኮ የምሬን ነበር። በዚያ ትምህርት ዲ አገኘሁ።

ጨፋ ሮቢት አጠገብ ትኖር የነበረችው ትልቋ አክስቴ ሞታ አርባዋ የወጣው በዚያው እረፍት ነው። ልጅ አልወለደችም። ወራሾቿ ባሏና ሁለት እህቶቿ፣ ማለትም እናቴና ታናሿ አክስቴ ነበሩ። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ የሷ ተብሎ የቀረው ስድስት ጆንያ ማሽላ ብቻ ነው። ከአርባዋ ሰደቃ በኋላ እዚያው ቤቷ የመንደሩ ሸኽ፣ ለባል ግማሽ፣ ለሁለቱ እህቶች ሁለት ሦስተኛ እንደሚደርስ ተናገሩ።

እናቴ ጎሸም አደረገችኝ። «አስዪው እንጂ! ሒሳብ አይደል የምትማሪው?»

የስድስት ግማሽ ሦስት። የስድስት ሁለት ሦስተኛ አራት። ሦስትና አራት ሰባት። እንደገና አሰላሁት። ያው ሰባት።

«ይሄ ስህተት ነው» አልኩ ጮክ ብዬ። «አንድ ጆንያ ይጎድላል።»

«ማል ጄቴ፣ ኢንተላ ኮ?» አለች አክስቴ። ስትደነግጥ ኦሮምኛው ይቀድማታል። «ምን አልሽ ልጄ? ተሰርቋል ነው የምትዪው?»

የሟች ባል ብድግ አለ። «በኔ ቤት? ኑ ቁጠሩት! ስድስት ነው!»

«ጆንያው መች ጎደለ? ድምሩ ነው እንጂ የማይገጥመው» ስል እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። «አስተግፊሩላህ በዪ፣ አንቺ ልጅ!»

ሸኹ አልተቆጡም። «ሰባት አድርጊዋ» አሉኝ።

«ስድስት ጆንያ እንዴት ሰባት ይሆናል?»

«ጆንያውን መች አልኩሽ? ድርሻውን ነው። የሱ ሦስት፣ የነሱ አራት። ቁና አምጡ!»

ማሽላው ሰሌን ላይ ተዘረገፈ። ሸኹ ቆመው አሰፈሩ፦ ለባል ሦስት ቁና፣ ለእናቴ ሁለት፣ ለአክስቴ ሁለት። እንደገና ሦስት፣ ሁለት፣ ሁለት። ክምሩ እስኪያልቅ ጠቅላላው ስንት ነው ብሎ የጠየቀ የለም። ባልየው ግማሹን አላገኘም፤ እነእናቴም ሁለት ሦስተኛቸውን አላገኙም። ግን ሁሉም አልሐምዱሊላህ አሉ። ግራ የገባው እኔን ብቻ ነው።

«ሸኹ፣ ትክክል መሆኑን በምን ያውቃሉ?»

«ከሁሉም እኩል ተቀነሰ። ማን ቅር ይለዋል?»

«እኩልማ አይደለም! ከሱ የተቀነሰው ከእናቴ ከተቀነሰው ይበልጣል።»

«ብዙ ካለው ብዙ ይቀነሳል። ይሄው ነው እኩልነቱ» ብለው ጫማቸውን ፈለጉ። ለምን ከሦስቱም አንድ ልክ አይቀነስም? ያም ትክክል ይመስላል እኮ! ትክክሉ የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ማን ነው?

ዋናው መንገድ ላይ ቆመን መኪና ስንጠብቅ እናቴ አሁንም እንዳኮረፈች ነበር። «በሰው ፊት አዋረድሽኝ።»

«እማ፣ ሒሳብ ልተው ነው።»

«ሸኹ ስላሸነፉሽ?»

«ከዚያ በፊት የወሰንኩት ነው። አይገባኝም።»

ትክ ብላ አየችኝ። «ታዲያ መንገዱን ሙሉ ምን ያስነበንብሻል? እህቶቹ ሦስት ቢሆኑስ፣ አራት ቢሆኑስ ስትዪ ሰምቼሻለሁ። እኛ ሁለት ነን! ሌላ እህት ከየት አመጣሽብን?»

እውነቷን ነው። መኪናው መጥቶ ከተሳፈርን በኋላም አላቆምኩም።

አዲስ አበባ ተመልሼ ማመልከቻ አልጻፍኩም። ገብቶኝ ግን አይደለም። መምህሩ ቢሮ ሄጄ የማሽላውን ነገር ነገርኳቸው። «መጀመሪያ እኩል ስትዪ ምን ማለትሽ እንደሆነ ጻፊ» አሉኝ። ጻፍኩ። በቀይ ሰርዘው መለሱልኝ። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ሌላ ጻፍኩ፤ እሱንም ሰረዙት።