የአባቴ የምላስ ሥር ክኒን

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሰላማዊት ለልብ ሕመሜ የታዘዘችልኝን ትንሽ ክኒን በመዳፏ ይዛ ስታስረዳኝ ቆየች። ፋርማሲ ተምራ እዚሁ ደብረ ታቦር መድኃኒት ቤት ትሠራለች። «እትዬ፣ ይቺ ከምላስዎ ሥር ቀልጣ ደም ውስጥ ስትገባ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣታል፤ የጠበበውን የደም ሥር የሚከፍተው እሱ ነው» አለችኝ። መተንፈስ ላቃተው ጨቅላም ይኸው ጋዝ በአፍንጫው እንደሚሰጥ፣ አልድን ላለ ቁስል ደግሞ በቅባት መልክ ለማድረስ እየተሞከረ እንደሆነ ጨመረችልኝ። እኔ ግን ሐሳቤ ሄዷል። ያቺን ክኒን ከወጣትነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ከአባቴ ጋርም ተጣልቼባታለሁ።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ማኅሌት ይመራሉ፣ በተረፋቸው ጊዜ ገብስና ድንች ያርሳሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ላይ ነው። በዚያ ክረምት ዳገቱን ሲወጡ ደረታቸውን ጭምድድ የሚያደርግ ሕመም ጀመራቸው። ሐኪሙ ወደ ልባቸው የሚሄደው የደም ሥር መጥበቡን ነግሮን በጥቁር ጠርሙስ ክኒን ሰጣቸው። «ሕመሙ ሲጀምርዎ ቁጭ ብለው ከምላስዎ ሥር ያድርጉ። ችላ ካሉት ሊገድልዎ ይችላል» አላቸው። አባባ እጅ ነሥተው ጠርሙሱን ኪሳቸው ከተቱት።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ። የእኛን አገር ፍልሰታ ያላየ ሰው ጾም አይቻለሁ ባይል ደስ ይለኛል። ሕፃናት ሳይቀሩ ቅዳሴ እስኪወጣ ውኃ አይቀምሱም። ዝናቡ ይወርዳል፣ ጭቃው ጫማ ይነቅላል፤ እቤት ሲደረስ የሚጠብቀው ትኩስ ቅቅል ድንች በአዋዜ ነው። ያን ዓመት ድንቹም አልጣመኝ። አባባ በየቀኑ ዳገቱ መሐል ደረታቸውን ይዘው ይቆማሉ፣ ላብ በግንባራቸው ይወርዳል፣ ጠርሙሱን ግን አያወጡትም።

«አባባ፣ ይውሰዱት እንጂ» እላለሁ።

«ጾሜን አልሽርም። ክኒን ከአፌ ገብታ እንዴት ብዬ እቆርባለሁ?»

«ለታመመ ይፈቀዳል ብለው የሚያስተምሩት እርስዎ አይደሉም?»

«እሱ ለታመመ ነው። እኔ ደከመኝ እንጂ መች ታመምሁ።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ አባቴ ይህን ለሰው ይተርቱታል እንጂ ለራሳቸው አይደለም። ተናደድሁ፣ ፈራሁም። እናቴን ከቀበርን ገና ዓመት አልሞላንም፤ እሳቸውንም በግትርነታቸው ላጣቸው አልፈለግሁም። አባቴን ማዘዝ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ በገሳይ በኩል የሚኖሩት የነፍስ አባታቸው አባ ገብረ ሚካኤል። በማግስቱ ማንንም ሳላስፈቅድ እህል በጫነ አይሱዙ ተሳፈርሁ። የጉና ተራራ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ጭጋጉ መንገዱን ውጦት ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነበር የሚነዳው።

አባ ደጃቸው ላይ ዳዊት ሲደግሙ ደረስሁ። ሁሉንም ነገርኋቸው።

«ትዋጣለች?» አሉኝ።

«አትዋጥም አባ፣ ከምላስ ሥር ትቀልጣለች።»

«ብትዋጥስ። መድኃኒት እኮ ምሳ አይደለም።» ዳዊታቸውን ከደኑ። «የአባትሽ ነገር ጾም አይደለም፣ ልጄ። ትዕቢት ነው።» ጋቢያቸውን ደርበው ከእኔ ጋር ተነሡ።

እቤት ስንገባ አባባ ከመደቡ ተነሥተው መስቀል ተሳለሙ። ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ነገሩ ገባቸው።

«መሪጌታ፣» አሉ አባ፣ «ሰውን ሁሉ ደካማ፣ ራስህን ብርቱ አድርገሃል። ንስሐ እሰጥሃለሁ። ደረትህን ባመመህ ጊዜ ሁሉ፣ ጾም ይሁን ፍስክ፣ ካለህበት ቁጭ ብለህ ያቺን ክኒን ትወስዳለህ። ሰው ቢያይህም አትደበቅ። በወሰድህ ዕለት አትቁረብ፤ እግዚአብሔር ለሌላ ቀን ያቆይሃል።»

«ስግደት ቢሆንልኝስ፣ አባ?» አሉ አባቴ ቀስ ብለው።

«ስግደትማ ትወዳለህ።»

ለደብረ ታቦር በዓል ዳገቱ መሐል ያዛቸው። ሕዝቡ ነጭ ለብሶ በግራ በቀኝ ያልፋል። አባባ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ፣ ጠርሙሱን ከፈቱ፣ ክኒኗን ከምላሳቸው ሥር አደረጉ። «ምነው መሪጌታ?» አለች አንዲት ጎረቤት። አፋቸው ተይዟልና በጣታቸው ደረታቸውን አሳዩአት። ጥቂት ቆይቶ ሕመሙ ለቀቃቸው። ክኒኗ ራስ ምታት ብታስነሣባቸውም ዳገቱን ጨረሱ። በፍልሰታ ሳይቆርቡ ቀርተው የማያውቁ ሰው፣ ያን ዕለት ሌላው ሲቆርብ ቅኔ ማኅሌት ቆመው ያዜሙ ነበር። ዐይናቸው እንባ አቅርሯል። እኔም አለቀስሁ፤ የእኔ ግን የደስታ ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ኖሩ፣ ልጆቼንም ለማቀፍ በቁ። ይህን ታሪክ ለዘመድ ሁሉ አውርቼዋለሁ፤ ሳወራው ሁልጊዜ ጎበዟ እኔ ነኝ፤ በዝናብ ገሳይ ድረስ የሄድሁት፣ ቄስ ይዤ የተመለስሁት።

ትናንት ከገበያ ስመለስ ደረቴን ያዘኝ። ክኒኗ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች። መንገዱ የሚያውቁኝ ሰዎች ሞልተውበታል፤ እጄን ወደ ቦርሳዬ ልሰድድ ብዬ አፈርሁ። አንድ ሱቅ ደጅ ቆሜ ጨርቅ የማማርጥ መሰልሁ፤ ሕመሙ ግን ባሰብኝ። በመጨረሻ ደረጃው ላይ ቁጭ አልሁ፣ ባለሱቁም አላፊ አግዳሚውም እያየኝ ወሰድኋት። ያን ጊዜ ነው የአባቴ ድንጋይ ላይ መቀመጥ የገባኝ። ገሳይ ደርሶ መመለስ ቀላሉ ነበር።