ከመረቡ ውስጥ የተነገረ ቃል

አስላውግ በተወለደችበት በሰሜን ኖርዌይ ከተማ በናርቪክ ተራራው የሚጀምረው ከቤታቸው ጓሮ ነበር። አባቷ ሃልቫርድ ወደቡ ላይ የብረት ማዕድን መርከብ ላይ የሚጭን ሠራተኛ ነው። ከሥራ ሲመለስ የፊቱን አቧራ እንኳ ሳያጥብ ልጁን ይዞ ወደ ተራራው ይወጣል። ፀሐይ ለሳምንታት በማትታይበት በዚያ ክረምትም ቢሆን አይቀሩም፤ በመብራት ሥር፣ በእግሯ ባሰረችው የበረዶ መንሸራተቻ፣ በስኪ፣ ቁልቁል ይለቃታል።

«ጉልበትሽን እጠፊ። ስትፈሪ ቀጥ አትበይ» ይላታል። ከዚህ ሌላ ምክር አያውቅም። ምስጋናም ከአፉ አይወጣም። እዚያ አገር ራሱን የሚያሞግስ ሰው ይናቃል፤ ልጁን የሚያሞግስማ ጭራሽ።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ለብሔራዊ ቡድን ተመረጠች። ስድስት ዓመት ቁልቁለት ስትወርድ ኖረች፤ ሁለት ጊዜ አራተኛ፣ አንዴ አምስተኛ ወጣች፤ ሜዳሊያ ግን አልነካችም። ቢሆንም በረዶን በማንበብ የሚያህላት አልነበረም። ከውድድር በፊት የሚወርዱበትን መስመር እየዞሩ ሲመለከቱ፣ የት እንደሚያዳልጥና የት እንደሚይዝ ከቀለሙ ትለየዋለች።

ቶሩን በአራት ዓመት የምታንሳት፣ በጉዞ ላይ መኝታ ክፍል የምትጋራት የቡድን ጓደኛዋ ነበረች። ድፍረት የሞላት፣ ሣቂታ ልጅ ናት። መስመር ማንበብ ግን አይሆንላትም።

«እዚህ ጋ የት ልግባ?» ትላለች፣ አስላውግን ከኋላ ከኋላ እየተከተለች።

«ዓይን የለሽም?»

«አንቺ እያለሽልኝ ምን ያደርግልኛል?»

አስላውግም ትሥቅና ታሳያታለች።

አደጋው የደረሰው እዚያው ኖርዌይ ውስጥ፣ አገሩ ሁሉ በሚያየው ውድድር ላይ ነው። አስላውግ ስድስተኛ ወራጅ፣ ቶሩን አሥራ ዘጠነኛ ነበሩ። ከመጨረሻው ዝላይ በታች ጥላ ያረፈበትን ቦታ ነፋስ ጠርጎት፣ ማለዳ ያዩት ለስላሳ በረዶ ሄዶ ከሥሩ ጠጣሩ ብቻ ቀርቷል። አስላውግ ከአየር ላይ ወርዳ ልትዞር ስትል በውጭ በኩል ያለው እግሯ ከዳት፤ ተወርውራ በመስመሩ ዳር የተዘረጋው የአደጋ መከላከያ መረብ ውስጥ ገባች። ጉልበቷ ውስጥ አንድ ነገር ሲበጠስ በጆሮዋ ሰማችው።

ውድድሩ ቆመ። አሠልጣኙ ስቬሬ ከቅርብ ቆሞ ነበርና ከላይ ካሉት ተወዳዳሪዎች ጋር የሚነጋገርበትን ሬዲዮ እንደያዘ እየሮጠ ደረሰ።

«ሬዲዮውን ስጠኝ» አለችው።

«አትነቃነቂ። ሐኪሞቹ እየመጡ ነው።»

«ስጠኝ አልኩህ። ቶሩን ገና አልወረደችም።»

ሰጣት። ጥርሷን ነክሳ እንዲህ አለች፦ «ቶሩን፣ ስሚኝ። ከመጨረሻው ዝላይ በታች በስተግራ መስታወት ነው። ጠዋት ያየነውን መስመር እርሺው። ሦስት ሜትር ወደ ቀኝ ሰፋ አድርገሽ ዙሪ። የዘገየሽ ቢመስልሽም በአቋራጭ እንዳትዞሪ።»

ከላይ የቶሩን ድምፅ መጣ። «እሺ። አንቺ ደህና ነሽ?»

«እኔን ተይኝ። ሰፋ አድርጊው።»

ቶሩን አሸነፈች። አስላውግ ይህን የሰማችው ሆስፒታል ውስጥ ከነርሷ ነው። ያን ጊዜ የተሰማት ደስታ እውነተኛ ነበር፤ በኋላ ሲያንገበግባት የኖረውም ይኸው ነው። ማታ ቴሌቪዥን ሲከፈትላት ጋዜጠኛው ቶሩንን ሌሎቹ ሁሉ የተንሸራተቱበትን ቦታ እንዴት እንዳለፈችው ይጠይቃል። ቶሩን ትከሻዋን ሰበቀች። «እግሬ ነገረኝ። በረዶው ሲለወጥ ጫማዬ ውስጥ ይሰማኛል» አለች።

በሦስተኛው ቀን አበባ ይዛ መጣች፤ ከኋላዋ ፎቶ አንሺ ነበር። ሰውየው ጨርሶ ሲወጣ አስላውግ ጠየቀቻት።

«ሬዲዮውን ሰምተሽኝ ነበር አይደል?»

ቶሩን የአበባውን ወረቀት እያስተካከለች፣ «የቱን ሬዲዮ? እዚያ ላይ ከነፋስ በቀር ምን ይሰማል?» አለች።

አስላውግ ሦስት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ጉልበቷ ግን እንደ ድሮው አልታጠፈም። በሁለተኛው ክረምት ከቡድኑ መሰናበቷን በሁለት መስመር ደብዳቤ አሳወቋት። ስቬሬ ጋ ደወለች።

«አጠገቤ ነበርክ። አንድ ቃል ተናገርልኝ።»

«ምን ይጠቅምሻል? ልጅቷ ለኦሎምፒክ እየተዘጋጀች ነው። አሁን ይህን ባነሳ ሐሳቧን እበትንባታለሁ።»

«የእኔስ ሐሳብ?»

«ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ?» አላት።

የአባቷ መልስ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። ማዕድ ላይ ስትነግረው ሹካውን አስቀመጠ።

«ይህን ነገር ሌላ ሰው ጋ እንዳታነሺው።»

«የዋሸሁ መሰለህ?»

«እንዳልዋሸሽ አውቃለሁ። ሰው ግን ቅናት ነው የሚለው። እኔ ደግሞ ወደቡ ላይ አንገቴን ደፍቼ መሥራት አልችልም።»

እሷም አላነሳችውም። ሰውን በገመድ በተንጠለጠሉ ወንበሮች ወደ ተራራው አናት በሚያወጣው የከተማው ሊፍት ላይ ተቀጠረች፤ ልጅነቷን ባሳለፈችበት ቁልቁለት ሥር ቆማ፣ ሰው ወንበሩ ላይ በደንብ መቀመጡን እያየች ወደ ላይ ትልካለች። እዚያው ሃያ ክረምት አለፈ። ቶሩን በዚያ መካከል ሦስት ሜዳሊያ አገኘች፤ የሕይወት ታሪኳም በመጽሐፍ ወጣ። አንዱ ምዕራፍ ስለዚያ ስለሚያውቀው እግሯ ነበር።

አዲሱ ሊፍት ሲመረቅ ሪባን እንድትቆርጥ የተጋበዘችው ቶሩን ናት። ጡረታ የወጣው ሃልቫርድ ምርጥ ሹራቡን ለብሶ ከሰልፉ ፊት ቆመ። እጇን ሲጨብጥ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። አስላውግ ይህን ከሊፍቱ በር ሆና አየች።

«የድሮ የቡድን ጓደኛዬ» አለች ቶሩን ስታያት፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ነይ፣ በመጀመሪያው ወንበር አብረን እንውጣ።» ፎቶ አንሺዎቹ ደስ አላቸው።

ወደ ላይ ለመድረስ ስምንት ደቂቃ ይፈጃል። ከሥራቸው ፊዮርዱ፣ በተራሮቹ መካከል የገባው ባሕር፣ ግራጫ ሆኖ ተኝቷል። ግማሽ መንገድ ደረሱ።

«ያን ቀን በሬዲዮ ምን አልኩሽ?» አለች አስላውግ።

ቶሩን ጓንቷን አወለቀች፤ መልሳ አደረገች። «ሰፋ አድርጊው አልሽኝ።»

«ታዲያ?»

«በመጀመሪያው ቀን ልናገር ነበር። ጋዜጠኛው ሲጠይቀኝ አፌ ሌላ አለ። በማግስቱ ያንኑ ደገምኩት። እየቆየሁ ስሄድ እኔም እውነት መሰለኝ።»

«ዛሬ ወርደሽ ንገሪያቸው።»

«አስላውግዬ፣ ሃያ ዓመት እኮ ነው። አሁን ለማን ይጠቅማል?»

ላይ ሲደርሱ ቶሩን ስኪዋን አጥብቃ ቁልቁል ተወረወረች፤ ታች የሚያጨበጭብላት ሕዝብ ነበር። አስላውግ ጉልበቷ ስለማይፈቅድላት ባዶ በሚመለሰው ወንበር ወረደች። ታች ስትደርስ ቶሩን ቡናማ አይብ ያለበት ዋፍል የሚባል ጣፋጭ ቂጣ እየበላች ከከንቲባው ጋር ትሣቃለች። የተናገረችው ነገር አልነበረም።

«ምን አወራችሁ?» አላት አባቷ።

«ስለ በረዶ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ሐሳብ ይመላለስባታል። መረቡ ውስጥ ተኝታለች፤ ሬዲዮው አጠገቧ ነው፤ እሷ ግን አታነሳውም። ቶሩን ወደዚያ መስታወት ትወርዳለች። አስላውግ ሐሳቡን እዚህ ጋ ልታቋርጠው ትሞክራለች፤ አንዳንድ ቀን ግን ሳታቋርጠው እስከ መጨረሻው ታየዋለች፤ ቶሩን ስትወድቅም አታዝንም። ቀድሞ እንዲህ ያለች ሰው አልነበረችም።

በዚያው ክረምት የከተማው ክለብ ሰዎች መጥተው፣ ልጃገረዶቹን መስመር ማንበብ እንድታስተምርላቸው ለመኗት።

«እኔ የማውቀው ነገር የለም» አለቻቸው፣ ወንበር ለሚጠብቁት ሰዎች በሩን እየከፈተች። «የሚያውቀው የቶሩን እግር ነው። እሱን ጠይቁ።»