ሰርካዲስ በላይቭ የሞተችበት ቀን

በፈረንጆቹ 2021 ሰው ለቅሶ የሚደርሰው በስልኩ ነበር። ኮቪድ ደጁን ዘግቶበት፣ የኮለምበስ ከተማ ስደተኛ አበሻ የወዳጁን ቀብር በፌስቡክ ላይቭ እያየ «ነፍስ ይማር» ብሎ ይጽፍና ወደ ሥራው ይሄዳል። ዮኤል ይህን እንዴት እንደረሳው እግዜር ይወቅ!

ዮኤል እዚሁ ያደገ ወጣት ነው። ንግሥቲቱ መርዝ ጠጥታ የምትሞትበትን አንድ የጥንት ተውኔት በላይቭ ሊሠራው ተነሳ። ተመልካች በቤቱ ሆኖ የሚጽፈው ከመድረኩ ጀርባ ግድግዳው ላይ ይወጣል፤ ተዋንያኑም ይመልሱለታል። ለንግሥትነት የመረጠው ሰርካዲስን ነው፤ ሊንደን ሰፈር ውስጥ አረጋውያን እየተንከባከበች የምትኖር፣ መድረክ ረግጣ የማታውቅ ሴት።

«እትዬ፣ አንቺ ጀስት ትሞቻለሽ። ሰዉ ሙሾ ኮሜንት ያደርጋል፣ እኛ እናነበዋለን» አላት።

ግማሽ ሰዓት ሬሳ ሆኖ መተኛት! ሰው ስታነሳና ስታስተኛ ለምትውል ሴት ይህ እረፍት ነው። እሺ ያለችው ግን ለታላቅ ወንድሟ ለጋሼ ዘውዱ ስትል ነው። እናታቸው አዲስ አበባ ስትሞት እሱ ልቡን ኦፕሬሽን አድርጎ ተኝቶ ነበር፤ ሰርካዲስ ያገግም ብላ መርዶውን እንደ ወጉ አንድ ወር ሸሸገችው። «እናቴን እንዳላለቅስ ከለከልሽኝ» ብሎ ስድስት ዓመት ዘጋት። እሱ የሚኖርበት ሉዊስ ሴንተር በመኪና ሃያ ደቂቃ ነው፤ ለእሷ ግን ከባሕር ማዶ ራቀባት። ቢያየኝ ይራራልኝ ይሆናል ብላ የትያትሩን ሊንክ ላከችለት። አልመለሰም።

እሑድ ከሰዓት፣ ዋይንላንድ ፓርክ ሰፈር በተከራዩት አዳራሽ ጽዋውን ጨለጠችና ወደቀች። ዘግይቶ ላይቩን የከፈተ አንድ ሰው አወዳደቋን ብቻ አይቶ እውነት መሰለው። «እህታችን ሰርካዲስ፣ ነፍስሽን ይማር» ብሎ ከነአዳራሹ አድራሻ ሼር አደረገው። ሼሩን ያየ ሁሉ አመነ፤ ሰው በላይቭ ሲቀብር የከረመ ሕዝብ ምን ብሎ ይጠርጥር?

ሰርካዲስ ዓይኗን ጨፍና ሙሾዋን ስታዳምጥ በሩ ተበረገደ።

«እህቴን! ሰርካዬን!»

ክው አለች። የጋሼ ዘውዱ ድምፅ ነው። ትያትሩን ከመጀመሪያው በላይቭ ሲያይ የነበረው ሕዝብ የተውኔቱ ክፍል መስሎት ግድግዳውን በጭብጨባ ምልክት ሞላው። እሱ መድረኩ ላይ ተደፍቶ ደረቱን ይደቃል፤ ያንን የተሰፋ ደረት! ልቡ ቢቆምስ? «ጋሼ፣ አለሁ» ማለት ምን ይከብዳል?

«ይቅር ብዬሽ ነበር እኮ! ስንቴ ልደውልልሽ ስልኬን አነሳሁ፣ ኩራት ይዞኝ ነው እንጂ...»

ሰርካዲስ አልተነሳችም። ስድስት ዓመት የናፈቀችውን ቃል ተናግሮ እስኪጨርስ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች፤ ምን ዓይነት ጨካኝ ልብ እንዳላት ዛሬም ድረስ ያስደነግጣታል።