አርባ ቀን በደመና ሥር

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ከሚሊኒየሙ በዓል በኋላ መሆኑን ብቻ አውቃለሁ፤ የመብራት ምሰሶው ማንኩሳ ደርሶ ወደ እኛ መንደር ገና አልዞረም ነበር። ወሩን ግን አልረሳውም። ባለቤቴ ያረፈችው በሐምሌ ነው።

ሶላሩን የገዛነው ከዚያ በፊት በነበረው በጋ ነው። የኩራዙ ጭስ ደረቷን እየያዘ ስላስቸገራት ፍኖተ ሰላም ሄደን ሰሌዳውን፣ ባትሪውንና አንዲት አምፖል አመጣን። ቆርቆሮው ላይ የገጠመልን ሰው ከቡሬ የመጣ ነበር። "አባባ፣ ቀን ቀን ያጥፏት፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ይቆጥቧት" አለኝ። በጋውን መቆጠብ አላስፈለገንም። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ እስከጠረግንለት ድረስ እስኪነጋ ያበራ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ተኛች። ክፍላችን መስኮት የለውም፤ ቀንም ጨለማ ነው። መናገር ሲያቅታት እንኳ ዓይኗ ከአምፖሏ አይነሣም። የመጨረሻ ቃሏ "መብራቷን አያጥፉብኝ" የሚል ነበር። ረፋድ ላይ አረፈች። እኔም አላጠፋሁም። እስከ አርባዋ ድረስ ቀንም ሌትም ትብራ ብዬ በልቤ ቆረጥሁ፤ ለማንም አልተናገርሁም።

ሰማይን በደንብ ያወቅሁት ያኔ ነው። ገበሬ ነኝና ዕድሜዬን ሙሉ ወደ ላይ ሳይ ኖሬአለሁ፤ የማየው ግን ዝናብን ነበር። ስስ ደመና ሲሆን ፀሐይ በመጠኑም ቢሆን ታቀብላለች። ጥቁሩ ደመና ተጭኖ ከዋለ ግን ባትሪው የሚያገኘው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጠዋት ጉሙ እስኪነሣ ይዘገያል፤ ተነሥቶ ትንሽ ሲፈካ የከሰዓቱ ዝናብ ይመጣል። ዝናቡ አባርቶ፣ ሰሌዳው ታጥቦ፣ ፀሐይ በደመናው ስንጥቅ ብቅ ስትል ደግሞ ከበጋው ይልቅ ታቃጥላለች። ያቺ ጥቂት ጊዜ ናት ያኖረችን። በቆሎዬ ዝናብ ይፈልጋል፤ እኔ ደጃፍ ቆሜ ፀሐይ እለምናለሁ። ጎረቤት እንዳያውቅብኝ እፈራ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ባትሪው ባዶ ሆነ። ሌሊቱን በጨለማ አደርሁ። ቀን ቀን አምፖሏ ከሰማዩ ጋር ትወጣ ትወርድ ጀመር፤ ደመና ሲያልፍ ትደክማለች፣ ጠፋች ስል ትመለሳለች። የባለቤቴ የመጨረሻ ትንፋሽ እንዲያ ነበር። ከመደቡ በኩል ደረቷ ሲያፏጭ ይሰማኛል። ዞሬ አይቼ ማንም እንደሌለ ባውቅም፣ ሁለተኛ ልትሞትብኝ ነው እያልሁ እህል መቅመስ ተውሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ከአጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ገባች። ዶሮዋ የተሰጣ ብቅላችንን በልታ ከባለቤቴ ጋር ከተኳረፉ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር። በቀብሩም ቀን ከሴቶቹ ርቃ ለብቻዋ ስታለቅስ አይቻታለሁ።

"እንዴት አደሩ፣ አያ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ግቢ፣ እቴ።"

አምፖሏን ቀና ብላ አየቻት። "በቀን የሚያበሩ ምን ሊያዩ ነው? ዶሮዬን ነው የሚጠብቁ?"

ሳላስበው ሣቅሁ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኋት።

"ሌሊት በጨለማ ትተዋት፣ ቀን ነው እንግዲህ የሚያበሩላት" አለች።

"እጄ እምቢ አለኝ። አያጥፉብኝ ብላኛለች።"

"እርስዎን ነዋ ያለች። እኔን አላለችኝም። እኔንማ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቃል አላለችኝ።" ተነሥታ ማብሪያውን ተጫነችው። ክፍሉ ጨለመ፤ የደረቷ ፉጨትም ጸጥ አለ።

ከዚያ ወዲህ ማታ እኔ አበራለሁ፣ ጠዋት እሷ መጥታ ታጠፋለች። ደመናው ሳይገለጥ በዋለ ቀን አምፖሏ ከእራት አታልፍም፤ ግን አንድም ምሽት ሳትበራ አልቀረች። የአርባዋ ዕለትም ዶፍ እየወረደ በርታ ነበር። በማግሥቱ ያቺ ጎረቤቴ መጣች። እርስዎ ያጥፏት አላለችኝም፤ እንደ ወትሮዋ ራሷ አጠፋችልኝ።

ዛሬ መንደራችን የመብራት ገመድ ገብቶለታል። ሆኖም በቀን ደመና ፀሐይዋን ሲጋርዳት እስካሁን ትንፋሼን ይዤ እቆማለሁ። ያንን ክረምት ያሻገረችኝ ሰው ማን ናት ቢሉኝ፣ ዶሮዋ ብቅላችንን የበላችብን ያቺ ጎረቤቴ ናት።