ቫዝሊን ተቀብቼ ብረት ላይ የወጣሁ ዕለት

እናቴ ቤት በደረቅ ቆዳ ከደጅ መውጣት ክልክል ነው። ሌላው ጥፋት ሁሉ ይቅር ይባላል። ሳህን ሳታጥቢ ብትወጪ ትቆጣሽና ትረሳዋለች። እግርሽ ነጥቶ ከታየ ግን ከደረጃው መሀል ትመልስሻለች። "አመዳም ሆነሽ ሰው ፊት ልትቀርቢ? እናት የላትም ይበሉሽ?" ትልና የቫዝሊኑን ዕቃ ይዛ ቁጢጥ ትላለች። በአምስት ዓመቴ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ስንመጣ፣ ያ ሁሉ ሰው እየተጨነቀ እሷ እግሬን ትቀባ እንደነበር ታላቅ እህቴ እየማለች ታወራለች። አሁን አርባ ልደፍን ነው። አሁንም ትቀባኛለች።

የኔም ጥፋት አለበት። ከሁለት ዓመት በፊት ከባሌ ተፋትቼ፣ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ናታንያ ከተማ፣ ዶራ ሰፈር ወዳደግሁበት ቤት ተመለስኩ። የቀድሞ ባሌ አጠገባችን ባለችው ከተማ፣ ክፋር ዮና ነው የሚኖረው። ክፉ አይደለም፤ ዝም ማለት የሚወድ ሰው ነው፣ እኔ ደግሞ ወሬ ካላወራሁ እታመማለሁ። እናቴ ግን "ልጄን ምን ቢያደርጋት ነው?" ማለቷን አልተወችም። ምንም አላደረገኝም ብላት አታምነኝም።

ናታንያ መሀል ከተማ አንድ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ እመዘግባለሁ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ አንድ ቀን "አርብ ጠዋት የመሞከሪያ ሺዑር፣ የአንድ ሰዓት ትምህርት አለ፣ አብረን እንማር፤ ፖል ዳንስ ነው" አለችኝ። ሳቅሁባት። ቤት ስገባ ግን ሐሳቡ አልለቅ አለኝ። ከተፋታሁ ወዲህ ሰው ሁሉ ይደግፈኛል። እናቴ ትቀባኛለች፣ እህቴ ትመክረኛለች፣ ወንድሜ አምፖል ይቀይርልኛል። ማንም ሳይዘኝ ራሴን መሸከም እችል እንደሆነ ማየት አማረኝ። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

ለእናቴ "ስፖርት ነው" አልኳት። ብረት ተይዞ የሚደነስ መሆኑን ብነግራትና ነገሩ ሞዓዶን ቢደርስ አለቀልን። ሞዓዶን አዛውንቶቻችን ቀን ቀን ተሰብስበው የሚውሉበት ክበብ ነው፤ እዚያ የገባ ወሬ ምሳ ሳይቀርብ ዶራን ያዳርሳል። "የእከሊት ልጅ ባሏን ፈትታ ብረት ላይ ወጣች!" እናቴ አንገቷን ደፍታ ስትገባ ታየኝ።

አርብ ጠዋት ቁምጣዬን ቦርሳ ውስጥ ደብቄ፣ ረጅም ሱሪ ለብሼ ልወጣ ስል በሩ ላይ ያዘችኝ።

"ነይ እስቲ።"

"እማዬ፣ ረፈደብኝ! ሱሪ ለብሻለሁ፣ እግሬን ማን ያየዋል?"

"እኔ አውቀዋለሁ" አለች።

ሱሪውን ሽቅብ ሰብስባ እስከ ጭኔ ቀባችኝ፤ ክንዴንና መዳፌንም ጨመረች። ስፖርት ቆዳ ያደርቃል ብላ ደግሞ ደገመችልኝ።

ስቱዲዮው ከአንድ ጫማ መሸጫ በላይ ነው። ስድስት ብረት ከወለል እስከ ጣሪያ ተተክሏል፤ ግድግዳው በሙሉ መስታወት ነው፣ መሸሸጊያ የለውም። በቁምጣ ራሴን ሳየው ደንግጬ ቦርሳዬን ፊት ለፊቴ ያዝኩ። አስተማሪያችን ሃምሳ ዓመት ያለፋት ቀጭን ሴት ነች። ገና ሳንጀምር "ዛሬ ክሬም የተቀባ አለ?" ብላ በዕብራይስጥ ጠየቀች። እጄን አላነሳሁም። ለእኛ ቫዝሊን ፊት እንደ መታጠብ ነው፤ ማን እንደ ነገር ይቆጥረዋል?

ብረቱን በሁለት እጅ መያዝ፣ አንዱን ጉልበት መቆልመም፣ ከዚያ ሌላውን እግር ከመሬት ማንሳት። የሥራ ባልደረባዬ በሁለተኛው ሙከራ ተንጠለጠለች። እኔ ቆለመምኩ፣ አነሳሁ፣ ሽው! በመቀመጫዬ ወለሉ ላይ ቁጭ። እንደገና፣ ሽው! አስተማሪዋ መጥታ ብረቱን በጣቷ ነካችና አሸተተችው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ቫዝሊን።"

"ለምን ተቀባሽ?"

"እናቴ ናት የቀባችኝ።"

ክፍሉ ፈነዳ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን አርሯል። ሴትየዋ ብረቱን በአልኮል ጠረገችልኝ፣ እኔም ፎጣው እስኪረጥብ እግሬን ፈተግሁ። ምን ዋጋ አለው፣ የእናቴ ቅባት አልኮል አይፈራም! ሰዓቱን ሙሉ ከብረቱ ጋር ስጋጭ ዋልኩ እንጂ ለአንዲት ሰከንድ እንኳ ከመሬት ሳልነሳ ወጣሁ።

እሑድ ጠዋት ታጥቤ ስወጣ እናቴ ቫዝሊኗን ይዛ ጠበቀችኝ። ፎጣውን ገለጥ አደረገችና እጇ ቀጥ አለ። ሁለቱም ጭኔ በልዟል።

"ማን ነው?" አለች።

"ምኑ?"

"ማን ነው የመታሽ?"

"ማንም።"

ሌላ ቃል አልተናገረችም። ዕቃውን አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።

"እማዬ፣ ወዴት ነው?"

"ክፋር ዮና።"

የትኛው ኦቶቡስ እንደሚሄድ እንኳ አታውቅም፤ ግን በዚያ በሚያማት ጉልበቷ በእግሯም ቢሆን ትደርሳለች። ያ ምስኪን ሰውዬ በሩን ሲከፍት ታየኝ። ጫማዋን ነጥቄ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ብረቱንም፣ ቁምጣውንም፣ አወዳደቄንም። ባልደረባዬ ራሷ ብረት ላይ ተንጠልጥላ የላከችልኝን ቪዲዮም ስልኬ ላይ ከፈትኩላት። መነጽሯን አድርጋ፣ ከንፈሯን ነክሳ አየችው። እኔ ስለ ሞዓዶን እስክታነሳ እጠብቃለሁ።

"ይህች ልጅ እንዴት አትወድቅም?"

"በቆዳዋ ነው የምትይዘው። ደረቅ መሆን አለበት።"

"እኔ ደግሞ ቀባሁሽ።"

"ቀባሽኝ።"

ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አለቀሰች ብዬ ስጠጋት ለካ በሳቅ እየሞተች ነው። "ኧረ እግዚኦ! እኔ ሾላ ስወጣ እጄን በአፈር ነበር የማሸው። ቅባት ተቀብቶ ዛፍ የሚወጣ ሰው የት አየሽ? ምን ዓይነቷን ጅል ነው ያሳደግሁት!"

"አንቺ ሾላ ትወጪ ነበር?"

"ታዲያ ማን ይወጣልኛል?"

ይህን ያህል ዘመን አብሬያት ኖሬ ዛፍ ላይ አስቤያት አላውቅም።

"ሞዓዶን ግን እንዳይሰማ" አልኳት።

"ሞዓዶን የምውለው እኔ ነኝ፣ አንቺ ነሽ?"

በሚቀጥለው አርብ በሩ ላይ ደረስኩ። እሷም እንደ ልማዷ ዕቃዋን ይዛ መጣች። ነጭ የሆነ ቁርጭምጭሚቴን አየችው። እጇ ወደ ክዳኑ ሄደ፣ ተመለሰ። "ሲያስጠላ!" አለችና ፊቷን አዞረች። "ሰው ከጠየቀሽ የኔ ልጅ ነኝ እንዳትዪ። ሂጂ።" በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልቀባ ያንን ደረጃ ወረድኩ፤ አንድ ጎረቤት ሲያልፍ ቦርሳዬን እግሬ ላይ ጋረድኩ።

ብረቱን ያዝኩ፣ ጉልበቴን ቆለመምኩ፣ እግሬን አነሳሁ። ቆዳዬ ተቃጠለ፣ ግን ያዘ። አስተማሪዋ ጮክ ብላ ትቆጥራለች፤ አራት ላይ ስትደርስ ገና እዚያው ነኝ። እየጮህኩ ወረድኩ።

ወደ ጎዳናው ስወጣ ስልኬ ጠራ።

"ወጣሽ ወይስ ወደቅሽ?"

"ወጣሁ፣ እማዬ።"

"ማን ያዘሽ?"

"ማንም።"

አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት።

"በይ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቶሎ ነይ" አለች። "አመዳም እግር ይዘሽ ሰንበት አትቀበዪም።"